ጥላ እየተከተልሁ አንደኛ የወጣሁ ጊዜ

የዚያን ቀን የሠራሁት ሞኝነት ተነስቼ እጅ መንሳቴ ነው። ሰው ሲያጨበጭብልኝ ዝም ብዬ ብቀመጥ ምን ነበረበት? እኔ ግን ባርኔጣዬን አወለቅሁ፣ መላጣዬን ለፀሐይ አሳየሁ፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ጎንበስ ቀና አልሁ። ይህም አልበቃኝ ብሎ አንዲት ቀልድ ጣል አደረግሁ። ጭብጨባው ለእኔ የሚገባ አልነበረም። ቀልዱ ደግሞ የሰው እንጀራ ነካ።

ነገሩን ከሥሩ ላውራው። ጊዜው ስማርት ስልክ ከዲላ ተማሪዎች እጅ አልፎ የቡና ለቃሚ ልጃገረዶች ኪስ ውስጥ መግባት የጀመረበት ነው። እኔ ያን ጊዜ ከጪጩ አለፍ ብሎ፣ ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንድ ቡና ማጠቢያ የቀን ዘበኛ ነበርሁ። አባቴ ጨርቅ ሊሸጥ ከሸዋ ወርዶ ዲላ ላይ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። የእሱ ሱቅ ሁለት በር ነበረው፤ እኔ ስረከበው አንድ በር ሆነ፤ ጥቂት ቆይቶ እሱም ተዘጋ። በስተርጅና የሰው በር መጠበቅ ዕጣዬ የሆነው እንዲህ ነው። በር በመዝጋት ልምድ ስላለኝ ነው የቀጠሩኝ እያልሁ አስቅ ነበር።

በቡና ወቅት ግቢው ገበያ ይመስላል። ገበሬው ቀይ እሸቱን በጆንያ ተሸክሞ ይመጣል፤ ቡናው ይፈለፈላል፣ ይታጠባል፣ እንዲደርቅ ከነገለባው አልጋ ላይ ይሰጣል። አልጋ የምንለው ወገብ የሚደርስ፣ ላዩ ላይ ሽቦ የተወጠረበት ረጅም የእንጨት ርብራብ ነው። በየአልጋው ግራና ቀኝ ሴቶች ይቆሙና የተሰነጠቀውን፣ ነቀዝ የበላውን፣ የጠቆረውን ፍሬ እየለቀሙ ያወጣሉ። ሥራው የዓይንና የጣት ነው፤ ድምፅ የለውም፣ አቧራ አያስነሳም። ሴቶቹ በጌዴኦኛ የቤተ ክርስቲያናቸውን መዝሙር በዝግታ ይዘምራሉ፤ ጣታቸውም ከመዝሙሩ ጋር ይሄዳል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ቆመው የሚጸልዩ እንጂ የሚሠሩ አይመስሉም።

ከእነዚህ ሁሉ የሦስተኛው አልጋ ሴትዮ ትለያለች። ልጅ ሳለች ቡና ስትለቅም ከመሰላል ወድቃ ዳሌዋ ተጎድቷል። ሌሎቹ በአልጋቸው ዙሪያ እየዞሩ ሲለቅሙ እሷ አንድ ቦታ ላይ ትተከላለች። ቡናውን በክንዷ ወደ ራሷ ትስባለች፣ ጣቷ ሁለት ሦስቴ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ የጠራውን ገፋ ታደርገዋለች፣ ሌላ ትስባለች። እሷ ወደ ቡናው አትሄድም፤ ቡናው ነው ወደ እሷ የሚሄደው። ከእጇ ያለፈ ቡና ውስጥ አንድ መጥፎ ፍሬ ያገኘ ሰው አላየሁም።

ከእኔ ጋር ነገራችን መተራረብ ነበር። ጠዋት ስትገባ፣

"አባባ፣ አንተ ነህ በሩን የምትጠብቀው ወይስ በሩ ነው አንተን የሚጠብቅህ?" ትለኛለች።

"በተራ ነው፤ ጠዋት እኔ፣ ከሰዓት እሱ" እላታለሁ።

በዚያ ዓመት አንድ ነገር ተስፋ ተሰጥቷት ነበር። ወቅቱ ሲያልቅ ሁሉም ሴቶች ይበተናሉ፤ ሁለት ሦስቱ ብቻ መጋዘን ውስጥ ለመጨረሻው ለቀማ በቋሚነት ይቀራሉ። ስድስት ወቅት ሙሉ በጊዜያዊነት ስትመጣና ስትበተን የኖረችው ሴትዮ ዘንድሮ ቋሚ ትሆኛለሽ ተብላለች። ይህን የነገረችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው፤ ጮክ ብትል የሚበርባት ይመስል። የቤተ ክርስቲያን እህቶቿ ጸልየውላት ነበር። "ቋሚ" የሚለውን ቃል ስትናገር እንደ ማዕረግ ነው የምትጠራው።

ሰደርያዎቹ የመጡት ይሄኔ ነው።

ከአዲስ አበባ አንድ ወጣት ባለሙያ መጣ። ጸጉሩን ከጎንና ከጎን ተላጭቶ መሐሉን ያቆመ፣ እጅግ ትሑት ልጅ ነው። ካርቶኑን ሲከፍተው ሃያ ብርቱካንማ ሰደርያ ወጣ፤ ጀርባቸው ላይ ቁጥር ተጽፏል፤ ደረታቸው ላይ ከውስጥ በኩል የካፖርት ቁልፍ የሚያክል ጥቁር ነገር ተሰፍቶባቸዋል።

"ይሄ ስማርት ልብስ ነው" አለን ግቢው መሐል ሰብስቦ። "ስትራመዱ፣ ስትቀመጡ፣ ስትቆሙ እሱ ራሱ ይቆጥራል። በፈለግሁ ሰዓት እኔ ኮምፒውተሬ ላይ አየዋለሁ። ውሃም አይጎዳውም።"

አንዲት ሴት ከኋላ፣ "ሐሜትም ይቆጥራል?" አለች።

"አይቆጥርም፤ ድምፅ አይሰማም።"

የሁሉም ትከሻ ሲወርድ አየሁ። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ አላልፍም፤

"ልጄ፣ ሽንት ቤት ስገባስ ያያል?"

"ኧረ አያይም ፋዘር! እንቅስቃሴ ብቻ ነው።"

"እዚያ ስገባማ እንቅስቃሴ የለኝም፤ ሐኪሙም የነገረኝ ችግሬ ይሄው ነው።"

ሴቶቹ በሳቅ አንዷ በሌላዋ ላይ ተደፉ። ልጁ ቀላ። ጥሩ ልጅ ነው ብያለሁ። የእሱ ሐሳብ ሠራተኛው የት የት እንደሚመላለስ አይቶ ድካም የሚቀንስበትን መንገድ መፈለግ ነበር፤ ውሃው ቀረብ ቢል፣ ጆንያው እዚህ ቢወርድ፣ እንዲህ ያለ ነገር። የግቢው ኃላፊ ግን ሰደርያውን ገና ሲያየው ዓይኑ በራ። "አሁን ማን እንደሚሠራና ማን እንደሚያርፍ እናውቃለን" አለ። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከላይ የሚጠይቁት ሰዎች ነበሩበት። ቀኑን ሙሉ ስልኩ ላይ "እሺ ጌታዬ" ሲል ነው የሚውለው።

ሰደርያውን ጠዋት የማድል፣ ማታ የምሰበስብ እኔ ሆንሁ። ከዚያ ወዲያ በስም መጠራራት ቀረ። የሦስተኛው አልጋ ሴትዮ ሰባት ቁጥር ሆነች፤ እኔ ሃያ።

እንግዲህ የእኔን የሥራ ቀን ልናዘዝ። ጠዋት በርጩማዬን ከመጋዘኑ ምዕራብ በኩል አስቀምጣለሁ፤ ጥላው እዚያ ነው። ፀሐይዋ ስትከተለኝ እኔ ከጥላው ጋር እሄዳለሁ። ረፋዱ ላይ ማብሰያው ጋ ቆጮ መኖር አለመኖሩን አይቼ እመለሳለሁ፤ የለም ካሉኝ ሐሳባቸውን ቀይረው እንደሆነ ደግሜ አያለሁ። መፈልፈያ ማሽኑ ጋ ሄጄ መካኒኩን እጨቀጭቃለሁ። ከጪጩ የሚመጣ ባጃጅ ሲያጓራ ማን እንደመጣ ለማየት እስከ አስፋልቱ እወጣለሁ። በመሐል፣ ሐኪሙ በሚያውቀው ምክንያት፣ በየግማሽ ሰዓቱ ሽንት ቤት አለልኝ፤ ሽንት ቤቱም የግቢው መጨረሻ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ በርጩማዬ ከመጋዘኑ ምሥራቅ ይገኛል። ከሁለቱም ቦታ በሩ አይታይም።

ሐሙስ ዕለት ሥራ ሲያልቅ ልጁ ሁላችንንም ሰብስቦ ኮምፒውተሩን ጆንያ ክምር ላይ አስቀመጠ። ውጤት ሊያነብልን ነው። ኃላፊው አጠገቡ ቆሟል።

"አንደኛ..." አለና ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። "ቁጥር ሃያ! ፋዘር፣ አንደኛ ወጡ እኮ! በዚህ ዕድሜ! ማንም አልደረሰብዎትም።"

ሰው በአንዴ በጭብጨባ ቀለጠ። ግማሹ ከልቡ ነው፤ ግማሹ፣ በተለይ በርጩማዬን የሚያውቁት፣ እየሳቁ ነው። እኔ ከላይ እንዳልሁት ተነስቼ እጅ ነሳሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ በምንም ነገር አንደኛ ወጥቼ አላውቅም። ሱቅ በመክሰር እንኳ ከእኔ የፈጠኑ ነበሩ። ደረቴ ያበጠው ቁልፉን ሊበጥስ እስኪደርስ ነው።

ልጁ ወደ ታች እያነበበ ሄደ። መጨረሻ ላይ ግንባሩን አኮማተረ። "ቁጥር ሰባት ግን... ቀኑን ሙሉ ምንም የለም ማለት ይቻላል። ቁልፉ ተበላሽቶ ይሆን? ቁጥር ሰባት ምንድን ነው የምትሠራው?"

የጠየቀው ሁላችንንም ነው። መልሱን የማውቅ ሰው ነበርሁ። "ከሁላችን የበለጠች ናት፤ አንድ ቦታ ቆማ ነው የምትለቅመው" ብል አበቃ ነበር። እኔ ግን ባርኔጣዬ ገና በእጄ ነው፤ ጭብጨባው ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ሌላ ሳቅ አማረኝ።

"እሷማ እንደ ፈረስ ቆማ ነው የምትተኛው!" አልሁ።

ግቢው ተንጫጫ። እሷም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ያልሳቀው ኃላፊው ብቻ ነው። ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ።

አርብ ማታ በሩ ላይ ሰደርያ ስሰበስብ እሷ መጨረሻ መጣች። ሁልጊዜም በዳሌዋ ምክንያት መጨረሻ ናት። ሰደርያዋን ግን እንደ ሌሎቹ አውልቃ አልወረወረችልኝም። ታጥቦ፣ አራት ቦታ ታጥፎ ነበር፤ ጫፉ ገና እርጥብ ነው።

"ምነው ዛሬ አጠብሽው? ነገ ተለብሶ እስከ ሰኞ ያው ይቆሽሽ የለ?"

"ሰኞ የለም" አለች።

"እንዴት የለም? ሰኞማ ከእሑድ ቀጥሎ ይመጣል፤ እኔን ሳያማክሩ ካልሰረዙት።"

አልሳቀችም። "ነገ የመጨረሻ ቀንሽ ነው አለኝ ኃላፊው። ኮምፒውተሩ ሰባት አትሠራም አለ፤ ዘበኛውም መስክሯል አለኝ።" ቀና ብላ አየችኝ። "ቆማ ትተኛለች ብለህ መስክረሃል ወይ አባባ?"

"ቀልድ እኮ ነው!" አልኋት። "አንቺም ስቀሽ ነበር!"

"ቀልድ መስሎኝ ነዋ የሳቅሁት።"

ይህን ብላ ሄደች። አልተቆጣችም፣ አልረገመችኝም። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። እርጥቡን ሰደርያ ታቅፌ ቀረሁ። መንገዱን ስታቋርጥ አየኋት፤ በቀስታ፣ አንዱን እግሯን ሳብ እያደረገች። ቋሚ ትሆኛለሽ ተብሎ የተጸለየላት ሴት እሑድ እነዚያን እህቶቿን ምን ልትላቸው ነው?

ወዲያው ኃላፊው ቢሮ ሄድሁ። ስልክ ላይ ነበር፤ "እሺ ጌታዬ" ብሎ እስኪጨርስ ጠበቅሁ።

"ሰባት ቁጥርን አሰናብተዋል አሉ።"

"ምን ላድርግ አባባ? ሪፖርቱ ነገ ከሰዓት ከልጁ ጋር ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። የመጨረሻዋን ይዤ ቋሚ አደረግኋት ብል የሚጠይቁኝ እኔን ነው። ማሽን ደግሞ አይዋሽም።"

"ማሽኑ እኮ እኔን አንደኛ ብሏል! ከዚህ የበለጠ ምን ውሸት አለ?"

"እርስዎ ራስዎን ዝቅ ማድረግ ይወዳሉ።"

"ጌታዬ፣ እኔ የተራመድሁት ጥላ እየተከተልሁ ነው። የቀረው ሽንት ቤት ነው።"

ኃላፊው በሳቅ ወንበሩ ላይ ተንፈራፈረ። "አይ አባባ! እርስዎ ባይኖሩ ይሄ ግቢ ምን ይሆን ነበር?" አለና ስልኩን አነሳ።

ያኔ ነው የገባኝ። ዕድሜ ልኬን ስቀልድ ኖሬ፣ እውነት መናገር የግድ በሆነብኝ ቀን ሰው ሳቀልኝ። ልጁ ጋም ሄድሁ፤ እሱ ቢያንስ አልሳቀም፤ ግን "ፋዘር፣ ሰው እንዲያዝንላት ብለው ነው አይደል? ዳታውን እኮ መቀየር አልችልም" አለኝ። እውነቱን ነው። ዳታ የሚባለውን ነገር በአፍ መቀየር አይቻልም። በእግር ግን ይቻል ይሆናል ብዬ አሰብሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰደርያ ሳድል እሷን ወደ መጨረሻ አስቀረኋት። ሃያን ለእሷ ሰጠኋት፤ ሰባትን እኔ ለበስሁ። ሆዴ ላይ አልገጥም አለ፤ ጥቁሩ ቁልፍ ጉሮሮዬ ሥር ወጥቶ ተቀመጠ።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ዛሬ ዘበኛዋ አንቺ ነሽ። ሦስተኛው አልጋ የእኔ ነው።"

"ዓይንህ ቡና ያያል እንዴ?"

"በደንብ አያይም። ጥሩነቱም እሱ ነው።"

"ቢያባርርህስ?"

"አንቺን እንደሆነ አባሮሻል፤ ምን የሚቀርብሽ ነገር አለ? እኔን ካባረረ ደግሞ በሩ እኔን ይናፍቃል እንጂ እኔ በሩን አልናፍቅም። ቁጭ በይ።"

በርጩማዬን ከመጋዘኑ ጥላ ሥር አስቀመጥሁላት። እሷ አንስታ በሩ መሐል፣ ፀሐዩ ላይ ተከለችው። "ከዚያ እኮ በሩ አይታይም" አለች። ለስንት ወቅት እዚያ እንደተቀመጥሁ አልነገርኋትም። ታውቃለች።

ሦስተኛው አልጋ ጋ ስደርስ ሴቶቹ መዝሙራቸውን አቋርጠው "ዛሬ አባባ ለቃሚ ሆነ!" ብለው ተሳሳቁ። እኔ ሥራዬን ጀመርሁ። እውነቱን ልናገርና ሆን ብዬ ለማበላሸት አላሰብሁም። አቅሜን ሁሉ ብጠቀም ለማበላሸት ይበቃል ብዬ ነው የተማመንሁት፤ በቃ። ፍሬ አንስቼ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጌ አያለሁ፤ ስንጥቅ ይሁን የዓይኔ ሽፋሽፍት ይሁን አላውቅም። ከዚህ በኩል መጥፎው በዛ ብዬ ዞሬ ወደ ማዶ እሄዳለሁ፤ ማዶ ስደርስ ከወዲህ በኩል የተሻለ ይመስለኛል። ከአጠገቤ ያለችውን ሴት "ይሄስ?" ስላት "እሱ ጥሩ ነው" ትለኛለች፤ እኔ ግን ጥዬዋለሁ። ዝንብ አባርራለሁ። ወገቤን አፍታታለሁ። ሽንት ቤት ብቻ አራት ጊዜ ሄድሁ። ከመዝሙሩ ጋር ጣቴን ላስኬድ ብዬ ሞከርሁ፤ እሱ ሦስተኛው ስንኝ ሲደርስ የእኔ ጣት ገና የመጀመሪያው ላይ ነበር። ያኔ ሌላ ነገርም አስተዋልሁ። ወገቤ ከመቃጠሉ በላይ ያቃጠለኝ ዓይኔ ነው። ስድስት ወቅት፣ እሷ በዚህ ዓይነት ሥራ፣ ቆማ!

እኩለ ቀን ሲቃረብ የኃላፊው ሞተር ብስክሌት ሲመጣ ሰማሁ። ከወትሮው በተለየ በሩ ላይ ሞተሩ ቆመ። እኔ በሩ ላይ ሳለሁ ሰው ቆሞ አያውቅም። የሚገባ ሁሉ ይመዝገብ፣ የያዘው ይታይ የሚል ወረቀት በሩ ላይ ተለጥፏል፤ የለጠፈውም ኃላፊው ራሱ ነው።

"ምን ይዘሃል? ቦርሳ ክፈት" ስትለው ሰማኋት።

"አታውቂኝም እንዴ!"

"አውቅሃለሁ። ቦርሳውን ግን አላውቅም።"

ከፈተላት። ምሳው ነበር። "ዘበኛው የት ሄዷል?" ሲል ጮኸ።

"ዘበኛው እኔ ነኝ።"

ኃላፊው ሞተሩን እዚያው ጥሎ በእግሩ ወደ እኛ መጣ። እኔን ሦስተኛው አልጋ ላይ፣ ሰባት ቁጥር ሆዴ ላይ ተወጥሮ ሲያየኝ አፉን ከፈተ። ከመናገሩ በፊት ግን ልጁን ጠራሁት፤ ልጁ መጋዘኑ በረንዳ ላይ ዕቃውን እየሸከፈ ነበር።

"ልጄ! ኮምፒውተሩን ከመዝጋትህ በፊት ሰባትን እይልኝ!"

ልጁ አጎንብሶ አየ። ፊቱ ፈካ። "ኧረ ሰባት ዛሬ ገድላዋለች! አንደኛ ናት! ይሄን ያህል ጊዜ የት ነበረች?" ቀጠለና ደነገጠ። "ሃያ ግን... ፋዘር፣ ደህና ነዎት? ጠዋቱን ሙሉ ከቦታዎ አልተነሱም እኮ።"

ከዚያ ቀና ሲል የለበስሁትን ቁጥር አየ።

"ሃያ በር ላይ ናት" አልሁት። "ያ በር የእውነት ሲጠበቅ ዛሬ ገና የመጀመሪያው ነው። ካላመንኸኝ ኃላፊውን ጠይቀው፤ ምሳውን አይታበታለች።"

ኃላፊው እጁን እኔ የለቀምሁት ቡና ውስጥ ሰዶ ዘግኖ አወጣና መዳፉን ዘረጋ። የተሰነጠቀ አለ፤ የጠቆረ አለ፤ ነቀዝ የበላው አለ። የሚጣለውን የጨመርሁበትን ቅርጫት አየ፤ ጥሩ ጥሩው ፍሬ እዚያ ነው።

"ማነው ይሄን የለቀመው?"

"ቁጥር ሰባት፤ ዛሬ አንደኛ የወጣችው።"

ወደ አልጋው ጫፍ ሄደ። እዚያ እሷ አርብ ጨርሳ ያሳለፈችው አለ፤ እኔ አልደረስሁበትም። ከዚያም ዘገነ። በጣቱ እየበተነ ለረጅም ጊዜ አየው። አንድም የሚጣል አላገኘም። መዳፉን እንደዘረጋ ወደ በሩ ተመለከተ። እሷ ፀሐዩ ላይ፣ በርጩማዬ ላይ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

ያኔ ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ሐሙስ ያጨበጨቡት ሁሉ ቆመው ነበር። "ሐሙስ ቆማ ትተኛለች ያልሁት ውሸት ነው" አልሁ። "ከእኛ ሁሉ በላይ የምትሠራው እሷ ናት። ይሄ ልብስ ደረት ነው የሚያየው፣ ጣት አያይም። እኔ ግን ዓይን ነበረኝ፤ እያወቅሁ ነው ሰው እንዲስቅልኝ ያልሁት።" ይስቁ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። አንድም ሰው አልሳቀም። ባርኔጣዬን መልሼ ማድረግ ጠፋኝ።

ልጁ ወደ በሩ ሄዶ አጠገቧ ቁጢጥ አለና "ማዘር፣ አንድ ጊዜ ሲለቅሙ ልይዎት?" አላት። መጣች፤ ሃያ ቁጥርን እንደለበሰች ቦታዋ ላይ ተተከለች፤ ቡናውን ሳበች። ልጁ ማዶ ቆሞ አብሯት ለመልቀም ሞከረ። አንድ መዝሙር ሳያልቅ ዓይኑን ማሸት ጀመረ። ኮምፒውተሩን አምጥቶ እሷን እያየ ብዙ ጻፈ። ቁልፉ እጅጌ ላይ ይሰፋ እንደሆነ ሲጠይቃት፣ "እጄ ላይ አይሆንም፤ ቡናውን ይቧጥጣል" አለችው። ያንንም ጻፈው። ሪፖርቱ ላይ ምን ብሎ እንደላከ አላየሁም፤ ግን ከመሄዱ በፊት ኃላፊውን ብቻውን ይዞት ቆየ።

ኃላፊው ከምሳው በኋላ ወደ አልጋው መጣ።

"ሰኞ ነይ" አላት።

"ለአልጋው ነው ወይስ ለበሩ?"

ኃላፊው እኔን በጎን እያየ፣ "በሩንማ ብሰጥሽ ይሻል ነበር" አለ። ወቅቱ ሲያልቅ መጋዘን ከቀሩት ሦስት ሴቶች አንዷ እሷ ሆነች። ወረቀቷን ይዛ በሩ ጋ መጥታ አሳየችኝ። "ቋሚ" የሚለው ቃል ላይ ጣቷን አሳርፋ ነበር።

ያን ቅዳሜ ግን እንዲህ በቀላሉ አልለቀቀችኝም። ማታ ሰደርያ ስሰበስብ መጨረሻ መጣች።

"ይቅርታህን ሰምቻለሁ አባባ። ጥሩ ነው። አልጋዬንስ?"

"አልጋሽ ምን ሆነ?"

"ምን ሆነ ትላለህ? ጥሩውን ቅርጫት ውስጥ፣ መጥፎውን አልጋ ላይ! ሁለቱንም እንደ አዲስ መልቀም ነው። ግማሹን እኔ፣ ግማሹን አንተ። ሌላ ካሳ አልፈልግም።"

እሺ አልሁ። ምን እላለሁ? ሰኞ ማልጄ ገብቼ ከሥራ ሰዓቴ በፊት ድርሻዬን ጀመርሁ። በዚህ ጊዜ እሷ ከአጠገቤ ቆማ እየመራችኝ ነው፤ "አትዙር፣ ሳበው፣ እየው፣ ግፋው" እያለች። የድርሻዬን ግማሽ ያህል እንደሄድሁ ሰማዩ ጠቆረ፤ ሁላችንም ላስቲክ ይዘን ቡና ለመሸፈን ሮጥን፤ እኔም ዕድሜ ለዝናቡ ብዬ ወደ በሬ ሸሸሁ። በማግስቱ ስመጣ አልጋው ጠርቶ አገኘሁት። የቀረኝን ድርሻ እሷ ጨርሳው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔም ጉልበቴም ስላልታዘዙኝ በሩን ለሌላ ሰው አስረክቤ ዲላ ቤቴ ቁጭ ብያለሁ። ገበያ ቀን አንዳንዴ እንገናኛለን። መነጽር እንደገዛሁ ስነግራት፣ "እንግዲያ ምን ትጠብቃለህ?" አለችኝ። በዕዳዬ ፈንታ ቅቤ ልስጥሽ ብዬ ለመንኋት፤ እንቢ አለች። ለልጅሽ ሠርግ ሙክት ላምጣ አልሁ፤ እሱንም እንቢ አለች። ክፍያው በጣት ነው፣ እሱም ቆሞ ነው፣ አለችኝ። ስለዚህ ሩብ አልጋ ቡና አለብኝ።